«እኛ ቆላ ነን፣ ሙቀት ምን ያደርገናል?» – ለሁለት ቀን ኤርታሌ ልትወጡ ላሰባችሁ



በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱን ለሁላችሁም በጋራ ልመልሰው ፈለግኩ። ከዋጃ ነው የተጻፈልኝ። «ዶክተር፣ 11 ልጆች ሆነን ዓርብ ከሥራ መልስ ሚኒባስ ይዘን ኤርታሌ ልንሄድ ነው። እሁድ ማታ ተመልሰን ሰኞ ሥራ እንገባለን። የወሰንነው ትናንት ማታ ነው። ሙቀቱ ብዙም አያሰጋንም፣ እኛ ቆላ ነን። ብቻ መያዝ ያለብን መድኃኒት ካለ ንገረን» ይላል።

ከሁሉ በፊት፣ አትሂዱ አልልም። ሐኪም ሲባል ጨው ተው፣ ቡና ተው፣ በርበሬ ተው እያለ የሚኖር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ያለፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወጣት ሰው ከጓደኞቹ ጋር ተሰባስቦ፣ ስቆ፣ አገር አይቶ መመለሱ በእኔ አስተያየት ከብዙ ክኒን ይሻላል። ደግሞስ ኤርታሌ ጎረቤታችን አይደል? ከዋጃ ሜዳ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ዞብል ነው፤ ከዞብል ጀርባ አፋር ነው። የራያ ሰውና የአፋር ሰው ስንት ዘመን ተገበያይተዋል፣ ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል። የውጭ ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን እኛ እዚሁ ሆነን በፎቶ ብቻ ማየታችን ያስቆጨኛል። ድንገት መወሰናችሁም ቢሆን ጥፋት የለውም። በደንብ ታቅደው የቀሩ ስንት ጉዞዎች አሉ።

«እኛ ቆላ ነን» የምትለዋን ግን እንዲሁ አላልፋትም። ሰው የሚጎዳው በእሷ ነው።

ዋጃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 ሜትር በላይ ነው። የአፍዴራ ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከዋጃ አፍዴራ ስትደርሱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁል ወርዳችኋል። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚጨምር ብታስሉት፣ ከዋጃው ሙቀት ላይ ወደ 9 እና 10 ዲግሪ ትደምራላችሁ። ከዚያ በስተሰሜን ያለው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። አማካይ ነው የምላችሁ! ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት አንድ ላይ ተደምሮ። ሰው ኖሮባቸው ሙቀታቸው ከተለካ ቦታዎች በዓለም ከፍተኛው ሆኖ ነው የተያዘው።

ዋናው ልዩነት ደግሞ ቀን ላይ አይደለም፣ ማታ ላይ ነው። ራያ ማታ ይተነፍሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከተራራው ነፋስ ይወርዳል፣ ደጅ ወጥተን እንቀመጣለን፣ ሌሊት ላይ ጋቢ የምንደርብበት ወርም አለን። ሰውነታችን ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት የሚያራግፈው በዚህ ሰዓት ነው። ደናክል ላይ ሞቃቱ ወራት ከገባ ሌሊቱም አያርፍም። ዓለቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ይመልሰዋል። ቅዳሜ ሳታርፉ እሁድን ትጀምራላችሁ ማለት ነው። በሙቀት የተጎዳ ሰው በማግስቱም ሊወድቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

«መልመድ» የምንለው ነገር በሕክምናም አለ፣ ቀልድ አይደለም። ሰው ለከባድ ሙቀት ሲጋለጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የደሙ ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልቡም በትንሽ ድካም አይደልቅም። ይህ ግን ከአባት የሚወረስ ነገር አይደለም። በየቀኑ ሙቀት ውስጥ በመሥራት ይገኛል፤ በተውት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ጠዋት ወጥቶ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚኮተኩተው የዋጃ ገበሬና ባንክ ቤት ውስጥ ቬንትሌተር ሥር የሚውለው የዋጃ ልጅ አንድ ሰፈር ይደሩ እንጂ አንድ ዓይነት ሰውነት የላቸውም። እኔም ቀኑን ጥላ ውስጥ ነው የምውለው፤ ከእናንተ ጋር ብሄድ ቀድሜ የምደክመው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አባቶቻችንን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። 5 ሰዓት ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ናቸው። ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይመለሳሉ። ሙቀትን የቻሉት በሰዓት አጠቃቀም ነው፣ «ወንድ ነኝ» በማለት አይደለም። የሁለት ቀን ጉዞ የሚያሳጣችሁ ይህንኑ ሰዓት ነው። ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ሆና «ማረፍ አለብን» የሚል ሰው ካለ «ኧረ ጊዜ የለንም» ይባላል። ስለዚህ የእኔ ምክር አጭር ነው። በሁለት ቀን አንድ ቦታ ብቻ እዩ፤ ኤርታሌን ወይ ዳሎልን። ሁለቱን፣ አሞሌ የሚቆረጥበትን፣ አፍዴራ ላይ መዋኘትንም ጨምራችሁ ካሰባችሁ ከእረፍት ሰዓታችሁ ላይ ነው የምትከፍሉት። ወሩም ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

(አንድ የምትገርም ነገር ላንሳ። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ ስለሚከብድ፣ አፍዴራ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከዋጃው በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ አንድ ሰው ትንፋሽ ካጠረው «ከፍታ ነው፣ ይለምደዋል» አይባልም። ወይ ሙቀቱ ነው፣ ወይ ጋዙ፣ ወይ የራሱ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ነው።)

ስለ መንገዱ ሳልናገር ወደ ውኃው አልሄድም። የዚህ ጉዞ ትልቁ አደጋ ምንድን ነው ብትሉኝ እሳተ ገሞራው ነው አልላችሁም። ሚኒባሱ ነው። ዓርብ ሲሠራ የዋለ ሾፌር ማታ ተነስቶ በኮቦ፣ በወልዲያ፣ በጭፍራ፣ በሚሌ፣ በሰመራ አድርጎ አፍዴራ ሊያደርሳችሁ ነው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ፍጥነት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። የሰከረ ሰው መኪና ላይ አትወጡም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው መኪና ላይ ግን እየዘፈናችሁ ትወጣላችሁ። «ጫት ይዟል፣ አይተኛም» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ጫት ዓይን ይከፍታል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ ከነወለዱ ይመጣል። ለተሳፋሪውም ቢሆን ጫት በሙቀት አገር ክፉ ጓደኛ ነው፤ የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ይጨምራል፣ ድካምን ይደብቃል። ሰውነት «በቃኝ» ሲል የማይሰማ ሰው በረሃ ላይ አይበጅም። ሁለት ሾፌር ያዙ፣ ወይ ዓርብ ማታ ሰመራ አድራችሁ ጠዋት ቀጥሉ። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱን በየቀኑ ከሚመላለሱበት ሾፌሮች ጠይቁ፤ ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ወደ ውኃው ልምጣ። በዚያ ሙቀት የሚንቀሳቀስ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያፈስ ይችላል። አየሩ ደረቅና ነፋሻማ ሲሆን ላቡ ወዲያው ስለሚተን «አላላበኝም እኮ» ያሰኛል። ጨው ቆዳችሁ ላይ ነጭ ሆኖ ስታዩት ነው የምታምኑት። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 6 ሊትር አስቡ። ለ11 ሰውና ለሾፌሩ፣ ለሁለት ቀን 144 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 8 ማለት ነው! ሁለት ካርቶን የታሸገ ውኃና አንድ ሳጥን ቢራ ይዞ ሲወጣ ያየሁት ቡድን አለ፤ ስሌቱን ማን እንደሠራላቸው አላውቅም። ቢራው ሽንት ያበዛል፣ ፍርድ ያዛባል፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ዋጃ ላይ ጠጡት።

ውኃ ብቻውንም አይበቃም። በላብ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ምግብ ሳይበላ ቀኑን ሙሉ ተራ ውኃ ብቻ የሚግፍ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶድየም ሊወርድና ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር ሊያመጣበት ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። እንጀራችሁን በወጥ ብሉ፣ በሶ በጨው በጥብጡ፣ ኦአርኤስ ከፋርማሲ ያዙ። የኦአርኤሱን ፓኬት ሙሉውን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ በጥብጡት፤ ግማሹን ፓኬት በኩባያ ማድረግ ልኩን ያዛባዋል። የተረፈውን በ24 ሰዓት ውስጥ ድፉት። በቂ መጠጣታችሁን የምታውቁት በሽንታችሁ ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ናችሁ፤ ሻይ ከመሰለ ወይም ከጠዋት እስከ ከሰዓት ካልመጣችሁ ዘግይታችኋል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን ይህ የውኃና የጨው ልክ ለእናንተ አይደለም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አሁን የምነግራችሁን ሁሉም ተጓዥ ይወቀው። ሾፌሩም ጭምር። በሙቀት የደከመ ሰው ያልበዋል፣ ይዞርበታል፣ ያስመልሰዋል፣ እግሩን ይሸመቅቀዋል፤ ግን ሲያናግሩት በትክክል ይመልሳል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ኦአርኤስ ቀስ እያለ ይጠጣ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል። ይህኛው ሰው የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው መዘባረቅ የጀመረው ነው። የት እንዳለ ጠይቁት። ከተሳሳተ፣ እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ሂት ስትሮክ የምንለው ነው፤ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሷል ወይም አልፏል። ላብ ቆሟል አልቆመም ብላችሁ አትጠብቁ፤ እያላበው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገው መኪና ውስጥ ከትቶ ሆስፒታል ፍለጋ መክነፍ ነው። ከኤርታሌ ሥር ተነስቶ ዱብቲ ጠቅላላ ሆስፒታል እስኪደረስ ግን ሰዓታት ይሄዳሉ፤ አንጎል ደግሞ በዚያ ሙቀት ሰዓታት አይጠብቅም። እዚያው አቀዝቅዙት። ልብሱን አውልቁ፣ ያላችሁን ውኃ ከራሱ እስከ እግሩ አፍስሱበት፣ ነጠላ ነክራችሁ አልብሱት፣ በካርቶን አራግቡለት፣ ጨርቁ ሲሞቅ ደግማችሁ ንከሩ። የምትጠጡት ውኃ ያልቃል ብላችሁ አትሳሱ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ በጎኑ አስተኙት። ፓራሲታሞል አይሠራለትም፤ ይህ የወባ ዓይነት ትኩሳት አይደለም። መደናገሩ ሲለቀው ነው ጉዞው፤ ካለቀቀውም ማቀዝቀዙ መኪና ውስጥ ይቀጥላል።

ስለ ጋዙ ላውራ። ከኤርታሌ አፍ የሚወጣው ጢስ ውስጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አለ። ለጤነኛ ሰው ጉሮሮ የሚከረክር፣ ዓይን የሚያቃጥል ነው፤ አስም ላለበት ሰው ግን በጣም ትንሹም መጠን የአየር ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠብበት ይችላል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈችው ማስክ ጋዝ አታግድም፤ የምታግደው ብናኝ ነው፣ እሱንም በመጠኑ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ጢሱ የሚነፍስ ይሁን፣ አቅጣጫው ሲቀየር ተመለሱ። ሌላም ነገር አለ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚያስበው ያን በፎቶ ያየውን የሚፈላ ቀይ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ግን ሁልጊዜ አይታይም፤ ወጥታችሁ ጢስ ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ያኔ «ትንሽ ጠጋ ብል ይታየኛል» የሚል ስሜት ይመጣል። ጠርዙ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚያችሁ የሆነው የአፋር ልጅ እዚህ ቁሙ ካለ እዚያ ቁሙ፤ በዚያ ቦታ ከእኔም ከእናንተም በላይ ሐኪም እሱ ነው።

ዳሎል የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ያ አረንጓዴና ቢጫ ውኃ አሲድ ነው፤ በምድር ላይ ከተለኩት የተፈጥሮ ውኃዎች ሁሉ እጅግ አሲዳማ ከሆኑት ውስጥ ነው። እጃችሁን አታስገቡ፣ የተረጨበትን ቆዳ በብዙ ውኃ እጠቡ። በአቅራቢያው ባለው ጋኤታሌ በተባለው ኩሬ ዙሪያ የሞቱ ወፎች ይታያሉ። ከውኃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይተኛል። ሽታ የለውም። ለሴልፊ ብላችሁ ጎንበስ የምትሉት ወደ እሱ ነው።

«ደግሞ ቢፈነዳስ?» የሚል አይጠፋም። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም ኤርታሌ ራሱ ፈንድቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ፣ በታሪክ ፈነዳ ተብሎ ተመዝግቦ የማያውቀው፣ ድንገት ተነስቶ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወረወረው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ፤ በረራ አሰረዘ። ቀኑ እሁድ ነበር። ወደ ደናክል ሲጓዙ የነበሩ ሰዎች በማግስቱ በአመድ የተሸፈነችው አፍዴራ ላይ ታግተው ቀርተዋል። ሰኞ ሥራ ለመግባት ያሰበ ሰው በመካከላቸው ነበረ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ በማንኛውም እሁድ ይደገማል ማለትም አይደለም። መድኃኒታችሁን ለሁለት ቀን ሳይሆን ለአምስት ቀን ያዙ ለማለት ነው። አመድ ከዘነበም የምድጃ አመድ እንዳይመስላችሁ፤ የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ ዓይናችሁን በውኃ እጠቡ እንጂ አትሹት፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ። ኤን95 ማስክ ካገኛችሁ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን ከ11ዱ ልጆች አንዱ በሐሳቤ አልጠፋ ብሎኝ ነው። አላውቀውም፣ አላውቃትም። ከ11 ወጣቶች መካከል አስም ያለበት፣ ስኳር ያለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም በየቀኑ የምትውጠውን ክኒን ለማንም ያልተናገረች ልትኖር እንደምትችል ግን አውቃለሁ። ጉዞው የተወሰነው ማታ ነው፣ በሳቅና በጫጫታ መካከል፣ ሁሉም «እሺ» ሲል። በዚያ መካከል «እኔ እንኳ ሕመም አለብኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? በእኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጓደኞቹ እንዳያውቁ የሚያደርገውን ጥንቃቄ በየክሊኒኩ እናየዋለን። ይህ ልጅ ዓርብ ሌሊት አይተኛም፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። ክኒኑን ሰው ፊት ላለማውጣት ሊዘለውም ይችላል። ቅዳሜ ሌሊት የሾለ ዓለት ላይ ቢጥለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ የለም፤ ክብሪት አምጡ ይባላል። እባካችሁ ክብሪት አታሽትቱ፣ አፉ ውስጥም ማንኪያ አታስገቡ፤ ከሹል ነገር አርቁት፣ ራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ሕክምና መሮጥ ያለባችሁ ጊዜ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ከመካከላችሁ አንድ ሰው ምረጡ፤ ወሬ የማያወጣ ሰው ይሁን። እሱ ወይም እሷ እያንዳንዱን ለብቻ በስልክ ይጠይቅ፦ «የምትወስደው መድኃኒት አለ? ይዘኸዋል? ብትታመም ምን እንዳደርግልህ ትፈልጋለህ?» በቡድን ቻት ላይ አይጠየቅም፤ በቡድን ቻት ላይ ሁሉም ጤነኛ ነው። በየከተማው ጉዞ የሚያዘጋጁ ወጣቶች እየበዙ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን የብር ማስተላለፊያ ደረሰኝና የቲሸርት ቁጥር ይጠይቃሉ እንጂ ይህን ሲጠይቁ አላየሁም። ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት መጠየቅ አለባቸው ባይ ነኝ። የቲሸርት ቁጥር ከመጠየቅ አይከብድም።

መድኃኒት ለምትወስዱ ጥቂት ነገር ልበል። ፉሮሴሚድ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የመሳሰሉ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችና ኢናላፕሪል በሙቀትና በድርቀት ላይ ግፊትን ከሚገባው በላይ ሊያወርዱና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የሚከታተላችሁን ሐኪም አማክሩ። ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ ይበላሻል፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ይቀቀላል። እናቶቻችን ውኃ የሚያቀዘቅዙበትን የሸክላ ዕቃ አስታውሱ፦ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ። ለዘመናት ሠርቷል፤ ለሁለት ቀን ይሠራል። ስኳር ያለባችሁና እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ጫማችሁን ለአፍታም እንዳታወልቁ። የጋለ ዓለት አቃጥሏችሁ የምታውቁት ማታ ካልሲ ስታወልቁ ሊሆን ይችላል። ለሌላውም ቢሆን ሸበጥ አይሆንም፤ የረጋው ቅልጥ ዓለት እንደ መስታወት ይቆርጣል። ወፍራም ሶል ያለው ሽፍን ጫማና ስትወድቁ እጃችሁን የሚያድን ጓንት ያዙ።

እርጉዝ የሆናችሁ፣ አስማችሁ ባለፈው ወር የተነሳባችሁ፣ የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ በዚህ ሳምንት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የነበረባችሁ፣ ይህኛው ጉዞ ይለፋችሁ። ቅር አይበላችሁ። የእሳተ ገሞራ አገር ለማየት የግድ አፋር መውረድ አያስፈልግም፤ ከራያ ሜዳ በላይ የቆሙት ተራሮች ራሳቸው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ናቸው። ከአላማጣ በግራ ካሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም ስትወጡ ያንን ዓለት እየቆረጣችሁ ነው የምትወጡት፤ ከላይ አሸንጌ ሐይቅ አለላችሁ። ነፋሻ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ማታ ቤታችሁ ታድራላችሁ። እኔ ብጠየቅ እናቴን ይዤ የምሄደው እዚያ ነው። ጋቢ ብቻ አትርሱ።

ኤርታሌ የምትሄዱት ሄዳችሁ በሰላም ከተመለሳችሁ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢያተኩሳችሁ ቅዳሜ የነከሰችን የወባ ትንኝ ናት አትበሉ፤ ወባ ከነከሳ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ምናልባት ከዋጃ ይዛችሁት የሄዳችሁት ነው። ከሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ካተኮሳችሁ ግን ደም ለመስጠት አትዘግዩ። አፋር ውስጥ ዴንጊም አለ፤ በ2015 ዓ.ም ሎጊያና ሚሌ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። እሱን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ የማታ አጎበር ብቻ አያድንም። ዴንጊ ከሆነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። ራሳችሁን ቆርጥሟችሁና አጥንታችሁ ተሰባብሮ ጤና ጣቢያ ስትገቡ መርፌ ውጉኝ አትበሉ። ካርድ ሲወጣላችሁ ለመጀመሪያው ባለሙያ «ባለፈው ሳምንት አፋር ነበርኩ፣ በሚሌ በኩል ነው ያለፍኩት» በሉ። ሳይጠይቃችሁም ንገሩት።